ይድረስ ለአቶ ሺፈራው

ሺፈራው ዛፍ ነው። ቅጠሉን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በሙቅ ውሃ ይጠጡታል፤ ለልብ ደግ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ላይ ብጽፋት ኖሮ ከዚህ በታች ካሉት ደብዳቤዎች ግማሾቹ ባልተጻፉ ነበር። አልጻፍኳትም። ቤታችን ውስጥ ሁላችንም ሺፈራው ብቻ ስለምንል፣ ሺፈራው ሲባል ቅጠል የማይመጣለት ሰው ያለ አልመሰለኝም። አጎቴ ደግሞ ከአገር የወጡት እኔ ሳልወለድ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ሺፈራው የሰው ስም ብቻ ነው። የቋንቋ አስተማሪያችን ‹‹የደብዳቤ ዋናው ግልጽነት ነው›› ብለው ያስተማሩ ቀን የት እንደነበርኩ እንጃ።

መስከረም 27

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራስ? ብርዱስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁለታችንም አለን። ከ‹ሁለታችንም› በፊት ተሰርዞ ያዩት ‹ሦስታችንም› የሚለው ነው። እጄ ገና አልለመደም። ወንድሜ ካረፈ ነገ አምስት ወር ይሞላዋል።

ለቀብሩ ካልመጡ ወዲህ እማዬ ስልክዎን እንደማታነሳ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ስልክ የለኝም። ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁ፤ ደብዳቤ ጮሆ አይጠራም።

ዋናው ወሬ የእማዬ ነው። ሺፈራው ቤታችን ከገባ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምትፈልገው ሺፈራውን ነው። ከሥራ ስትመለስም ጫማዋን ሳታወልቅ ሺፈራው ነው። ‹‹ልቤን ያሳረፈልኝ እሱ ነው›› ትላለች። የልብ ሐኪሟ ጋ መሄድ ትታለች። ኪኒኗንም ከጣለች ሁለት ወር አለፋት። ለምን ስላት ‹‹ሺፈራው እያለልኝ ኪኒን ምን ይሠራልኛል?›› አለችኝ። እኔ ሺፈራውን አልጠላውም። ግን እሱ ብቻውን የሚበቃት አይመስለኝም፤ ያስፈራኛል።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ባለፈው የጠየቅሁዎትን የኳስ ጫማ ይተዉትና ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን የደም ግፊት መለኪያ ይላኩልኝ። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳትለካ አትቆርጥም። ከእኔ ምክር ይልቅ ቁጥር ታምናለች።

እጅ የሚነሳዎት፣ የእኅትዎ ልጅ፣ ትንሹ

ጥቅምት 24

ይድረስ ለምወድህ ለእኅቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ። ሥራዬ እንደምታውቀው አሳንሰር መጠገን ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲወጣ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ እቀራለሁ። ደብዳቤህንም ያነበብኩት እዚያው፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ ነው። ሺፈራው የሚለው ጋ ስደርስ ባትሪው ከአፌ ወደቀ። ጓደኛዬ ከላይ ሆኖ ‹‹ሞትክ እንዴ?›› ብሎ ጮኸ። ‹‹ገና ነኝ›› አልኩት።

አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃልና እንደ ትልቅ ሰው ልጠይቅህ። ይኸ ሺፈራው ከየት ነው የመጣው? ከእናትህ ጋር ማን አስተዋወቀው? ከመጣስ ስንት ጊዜው ነው? ቁመናው እንዴት ነው? ጸባዩስ? ከእናትህ ሌላ የሚያውቀው አለ? ጎረቤት ምን ይላል? ደግሞ ሳነበው ‹አንቱ› እንኳን አትለውም። ይህን ያህል ተላምዳችኋል ማለት ነው?

አባትህ ካረፈ አሥር ዓመት ሆነው። ብቻዋን መኖሯ እኔንም ሲቆጨኝ ኖሯል፤ ስለዚህ ነገሩን በጭፍኑ አልቃወምም። ሰው ሲያዝን ልቡ ያገኘውን ይይዛል። ግን ታላቅ ወንድሟ በሕይወት እያለሁ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከኳስ ጫማ ጋር ተደባልቆ ልሰማው ይገባ ነበር? ሐኪም የሚያስትት፣ ኪኒን የሚያስጥል ደግሞ ምን ዓይነት... ቃሉን አልጽፈውም፤ አንተ ተማሪ ነህ።

መለኪያውን እገዛለሁ። መጀመሪያ ግን የጠየቅሁህን አንድ በአንድ መልስልኝ።

ለቀብሩ ስላልመጣሁበት ነገር ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አጎትህ

ኅዳር 19

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስለ ሺፈራው ይህን ያህል ለማወቅ መጓጓትዎ አስገረመኝ። ስለ እማዬ ልብ ከእኔ ሌላ የሚጨነቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ሺፈራው የመጣው ከጎረቤታችን፣ ከጡረተኛው ፖስተኛ ግቢ ነው። ለእማዬም ያስተዋወቋት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ጋ ከመጣ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቁመናውን ከጠየቁኝ ረጅምና ቀጭን ነው። አጥሩ ላይ ተደግፎ ቀኑን ሙሉ ወደ እኛ ግቢ አዘንብሎ ይውላል። ትንሽ ነፋስ ሲነካው ይወዛወዛል። ባለፈው ሊወድቅ ሲል ፖስተኛው በገመድ ከአጥሩ ጋር አስረውታል፤ እስካሁን እንደታሰረ ነው። ጸባዩ መራራ ነው። እኔ አንድ ቀን ሞክሬው አልቻልኩትም። እማዬ ግን ‹‹ይለመዳል›› ትላለች።

ሌላ ማን ያውቀዋል ላሉኝ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ባለሱቋ ሁለት ሳምንት ይዛው ሆዷን ሲረብሻት ተወችው። የሒሳብ አስተማሪዬ ሚስት ግን ከሺፈራው ጋር ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ባሏም ‹‹እሱን ከያዘች ወዲህ ቤቴ ሰላም ሆነ›› ይላሉ። ጎረቤት የሚለው ይህንኑ ነው፤ ለእናንተም ደርሷችሁ እንኳን ደስ አላችሁ ነው የሚሉን።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የእማዬ ስፌት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ከቆመ ዓመት አልፎታል፤ በሩ ላይ ‹በጥገና ላይ› የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ወረቀቱ ራሱ አርጅቷል። በዚህ ወር መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ቀን ምሳዋን ላደርስላት ስሄድ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ‹‹ምነው?›› ስላት ‹‹ክር ወድቆብኝ እየፈለግሁ ነው›› አለችኝ። አብሬያት ፈለግሁ። የወደቀ ክር የለም። ከንፈሯ ግን ቀለሙ ጠፍቶ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የልብ ምቷን እቆጥራለሁ። ‹‹የባዮሎጂ የቤት ሥራ ነው›› ብያታለሁ። አሁን አሥራ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ትናንት ‹‹አንተ፣ ይኸ የቤት ሥራ መቼ ነው የሚያልቀው? አስተማሪህ ሌላ ትምህርት የላቸውም?›› አለችኝ። ‹‹ምዕራፉ ረጅም ነው›› አልኳት።

ዳይሬክተራችን ደግሞ ‹‹ወይ ፀጉርህን ተቆረጥ፣ ወይ ወላጅ አምጣ›› ብለውኛል። ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ወንድሜ ነበር። ሌላ ሰው ማበጠሪያ ይዞ ከኋላዬ ሲቆም ይጨንቀኛል። ወላጅም አላመጣሁም፤ እማዬን ያንን የትምህርት ቤት ደረጃ ማስወጣት አልፈለግሁም።

አጎቴ፣ መለኪያው ቢቀርም ይቅር። አንድ ቃል ብቻ ይላኩልኝ። ስለ ኪኒኑ ባነሳሁባት ቁጥር ‹‹ወንድምህ አንድ ቀን ሳያጎድል ውጦት ምን አተረፈ?›› ትለኛለች። መልሱን እኔ አላውቀውም። እርስዎ ካወቁት ይጻፉልኝ።

የእኅትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 12

ለእኅቴ ልጅ፤

ሰላምታው በሌላ ጊዜ ይሁን። ነገሩ ሁሉ ገብቶኛል። ሥራ ፈትቶ አጥር ተደግፎ የሚውል፣ ቆሞ የሚወዛወዝ፣ በገመድ የሚታሰር ሰው! የሒሳብ አስተማሪህንም ታዘብኳቸው፤ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት ይህን አይደምርም?

ይህ ከልጅ ጋር የምነጋገረው አይደለም። ወንድ ለወንድ ነው። እዚህ ውስጥ የታሸገ ፖስታ አለ። ለራሱ ለሺፈራው በእጁ ስጥልኝ። አንተ እንዳትከፍተው። እናትህ እንዳታየው። ሲያነበው ፊቱን ልብ ብለህ ተመልከትና ቀለሙ ይለወጥ እንደሆነ ጻፍልኝ።

አጎትህ

(በታሸገው ፖስታ ውስጥ የነበረው)

ይድረስ ለአቶ ሺፈራው፤

የአባትዎን ስም ስላልነገሩኝ በዚሁ ይለፉኝ። እኔ ጠዋትና ማታ የምትፈልግዎት ሴት ታላቅ ወንድም ነኝ።

ስለ እርስዎ የሰማሁትን ልናገር። ረጅም ነዎት አሉ። መራራ ነዎት አሉ። ነፋስ ሲነካዎት ይወዛወዛሉ አሉ፤ መጠጥ ከሆነ ይተዉት። በገመድ የማሰሩን ነገር ግን እኔም አልወደድኩትም፤ ምንም ቢያደርጉ ሰው እንደ በግ አይታሰርም። የሒሳብ አስተማሪውን ሚስት ጉዳይ ዛሬውኑ ይጨርሱ። እኅቴ ሁለተኛ የምትሆን ሴት አይደለችም።

ቁጣዬ እዚህ ላይ አለቀ። የቀረውን ከአንድ ሰው ጋር ማውራት ነበረብኝና ለማላውቀው ሰው መጻፍ ቀለለኝ።

እኅቴ ለልጇ ቀብር አልመጣህም ብላ ተቀይማኛለች። ሥራ በዛብኝ ብዬ ነበር። ውሸት ነው። ልጁ ያረፈ ዕለት እኔም ሆስፒታል ተኝቼ፣ ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጥፎብኝ ነበር። የልጁ በሽታ የእኔም በሽታ ነው፤ የቤተሰባችን ልብ እንዲህ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ልጇን እየቀበረች ‹ወንድምሽም ተኝቷል› ይባላል? አልሆነልኝም። ዛሬ ነገ ስል ውሸቱ ከእኔ በላይ ጠነከረ።

ልጁ ይውጣት የነበረችውን ነጭ ኪኒን እልክ የነበርኩት እኔ ነኝ። እኔ ከምውጣት፣ እኅቴም ከጣለቻት ጋር አንድ ናት። እኅቴ ኪኒኗን የጣለችው ልጇን አላዳነም ብላ ነው። ይንገሯት። ሐኪሙን አነጋግሬዋለሁ። የልጁ ልብ በጣም ዘግይቶ ነው የታወቀው። ስድስት ወር ነበር የሰጡት፤ በኪኒኗ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ቆየ። ፀጉር ቤቱን የከፈተው በዚያ ሁለት ዓመት ነው። መስተዋት ገዛሁ ብሎ ፎቶ የላከልኝ በዚያ ሁለት ዓመት ነው። ኪኒኗ አልከዳችውም፤ የቻለችውን ያህል ወሰደችው።

እርስዎን ከወደደች ትውደድ፤ አልከለክልም። አንድ ነገር ብቻ ይማሉልኝ። ጠዋት አጠገቧ ከሆኑ ኪኒኗን ከውሃ ጋር ያቀብሏት። እኔም ደረጃ ላይ ተቀምጣለች ሲሉኝ፣ የማላውቀውን ሕዝብ ወደ ላይ እያወጣሁ እኅቴን በእግሯ እንዳስወጣኋት ቆጠርኩት።

ወንድሟ

ጥር 6

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

ሺፈራው ዛፍ ነው።

ቅጠሉ ነው ለልብ የሚጠጣው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ታላቅ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የሒሳብ አስተማሪዬንና ሚስታቸውንም በልቤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

የሆነውን ልንገርዎ። ፖስታውን ይዤ ግቢ ውስጥ ደርቄ ቆሜ ሳለሁ ፖስተኛው በአጥሩ በላይ አዩኝ።

‹‹ምን ይዘሃል?››

‹‹ደብዳቤ።››

‹‹ለማን?››

አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ‹‹ለአቶ ሺፈራው፣ በእጁ›› ብለው አነበቡ። ቀና ብለው ዛፉን አዩት። እኔን አዩኝ። እንደገና ዛፉን አዩት።

‹‹ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አድያለሁ። ለሞተ ሰው አድያለሁ፣ ለጠፋ ሰው አድያለሁ። ለዛፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።››

‹‹ልቅደደው?››

‹‹አፍህን ያዝ! የታሸገ ደብዳቤ ይቀደዳል እንዴ? ለተጻፈለት ይደርሳል።›› ብለው ገቡ። ሲወጡ የድሮ የሥራ ኮፍያቸውን አድርገዋል። ግንዱን ሁለት ጊዜ አንኳኩና ‹‹አቶ ሺፈራው! ፖስታ!›› አሉ። ነፋስ ነበርና ዛፉ ተወዛወዘ። ‹‹ተቀብለዋል›› አሉኝ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

በዚህ መሀል እማዬ ድምፅ ሰምታ ወጣች። ልብስ እየሰፋች ስለነበር አፏ በስፒል ተሞልቷል። ፖስታውን ስታይ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ቀሚሷ ላይ ሰካቻቸው።

‹‹ይኸ የወንድሜ እጅ ጽሕፈት ነው። ሺፈራውን ደግሞ ከየት አወቀው?››

ነገርኳት። የጻፍኩልዎትን ሁሉ ነገርኳት። አጥሩን፣ ገመዱን፣ ባለሱቋን። የፖስታውን አድራሻ ደግማ አነበበች። ከዚያ ‹‹አቶ!›› አለች። ‹‹አቶ ብሎታል!›› አለችና ሳቀች። አጎቴ፣ ከወንድሜ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሳቋ እንዴት እንደነበር ረስቼው ኖሯል፤ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አጥሩን ይዛ፣ ትንፋሽ አጥሯት ሳቀች። እኔም የልብ ምቷን እንድቆጥር ልለምናት ነበር፤ አሳፈረኝ።

‹‹ተቀባዩ ማንበብ ስለማይችሉ፣ በመመሪያው መሠረት የቅርብ ሰው ያነብላቸዋል›› አሉ ፖስተኛው።

‹‹የቱ መመሪያ?››

‹‹አሁን ያወጣሁት።››

እማዬ ከፈተችውና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለዛፉ አነበበችለት። ‹‹ሰው እንደ በግ አይታሰርም›› የሚለው ጋ ስትደርስ ፖስተኛው ሳይናገሩ ሄደው ገመዱን ትንሽ ላላ አደረጉት። ‹‹ሁለተኛ የምትሆን ሴት አይደለችም›› ስትል ኮፍያቸው ወደቀ። ከዚያ በኋላ የእማዬ ድምፅ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ቆመ። ፖስተኛው ‹‹ውሃ ጥጄ ነበር›› ብለው ገቡ። እንፋሎት እንኳን አልነበረም። እማዬ የቀረውን በዓይኗ አነበበች። ደግማ አነበበች።

‹‹አንተ ይህን ታውቅ ነበር?››

‹‹የቱን?››

‹‹የሱን ልብ።››

‹‹አላውቅም።››

‹‹እኔም›› አለች። ወረቀቱን አጣጥፋ ስፒል ሰካችበትና ገባች።

በማግስቱ ‹‹ጫማህን አድርግ›› አለችኝ፤ ሐኪም ቤት ሄድን። መለኪያዎ ገና አልደረሰም እንጂ ቢደርስ ኖሮ ሐኪሟ ያሳዩንን ከፍ ያለ የግፊት ቁጥር ቀድሞ ባሳየን ነበር። እማዬ ቁጥሩን ስታይ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

‹‹ሺፈራው መጠጣት ጥፋት ነው?›› አለቻቸው።

‹‹አይደለም። እንደ ምግብ ይውሰዱት። ግን ምን ያህል እንደሚወስዱ ልወቅ። ኪኒኑ ግፊት ያወርዳል፤ እሱም ሊያወርድ ይችላል። እኔ ሳልሰማ ሁለቱ ከተባበሩብዎት ደረጃ ላይ አይደለም፣ መኪና መንገድ ላይ ነው የሚቀመጡት። ኪኒን ትቶ እሱን ብቻ መያዝ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። በቀን ስንት ነው?››

‹‹አንድ ማንኪያ።››

‹‹የቱ ማንኪያ?››

እማዬ ቦርሳዋን መፈተሽ ጀመረች። ‹‹የወጥ ማውጫው›› አልኩ እኔ። በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ። ሐኪሟም በሻይ ማንኪያ፣ ያውም ሳትቆልል እንዲሆን ጻፉላት።

ኪኒኑን ገዛን። ግን እስከ ዛሬ አልዋጠችውም። አሁን አራተኛ ቀኗ ነው። ነጯን፣ መሀሏ ላይ መስመር ያለባትን፣ እጇ ላይ ታደርጋታለች፣ ታያታለች፣ ‹‹የሱ ናት›› ትልና መልሳ ታስቀምጣታለች። ዛሬ ጠዋት ሳልጠይቃት ‹‹ለዛፍ የነገረውን ለእኔ በራሱ አፍ ይንገረኝ›› አለች።

ስለዚህ ጫማም መለኪያም አልጠይቅዎትም። ይህን ደብዳቤ ፖስተኛው ራሳቸው ኮፍያቸውን አድርገው ይዘውት ይሄዳሉ፤ የድሮ ጓደኞቻቸው ላይ ጮኸው በፈጣኑ ፖስታ ያስልኩታል። እንደደረሰዎት ይደውሉላት። እኛ ጋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ። ታነሳለች። እንደምታነሳ አልነገረችኝም፤ ግን ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ከኪኒኑ አጠገብ አስቀምጣዋለች።

የእኅትዎ ልጅ

ጥር 15

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

መልስዎ በወረቀት ሳይሆን በስልክ ስለመጣ ምን እንደተባባላችሁ ለእርስዎ መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር። ግን ስልክ የማያሳየው ነገር አለ። እሱን ልጻፍልዎ።

ስልኩ ሲጮህ እማዬ ሦስት ጊዜ እስኪጮህ አየችው። ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ድምፁንም ለሁላችንም እንዲሰማ ከፈትኩት። እርስዎ ‹‹ሃሎ? አቶ ሺፈራው ናቸው?›› ሲሉ ከንፈሯን ነከሰች።

‹‹አቶ ሺፈራው አይችሉም፤ ታስረዋል›› አለች።

ከዚያ ዝም የተባባላችሁት አርባ አንድ ሰከንድ ነው፤ ግድግዳው ሰዓት ላይ ቆጥሬዋለሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ እማዬ ኪኒኗን ጠረጴዛው ላይ በጣቷ ወዲያና ወዲህ ታንከባልል ነበር።

‹‹ለምን አልነገርከኝም?›› ስትልዎት ‹‹ልጅሽን እየቀበርሽ?›› አሉ። ‹‹እና አንተንም ከሰው አፍ ልስማህ?›› አለች። እርስዎ አፍንጫዎን ሳቡና ‹‹ጉንፋን ይዞኝ ነው›› አሉ። እማዬ ‹‹እኔንም ይዞኛል›› አለች። እኔንም ይዞኝ ነበር፤ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።

ስለ ወንድሜ፣ ስለ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ሲነግሯት ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶውን አላየችም። እኔን ነበር የምታየው። ፀጉሬን ነበር የምታየው። ‹‹ለካ እሱም በዚያ ጊዜ ነው መቀስ የገዛው›› አለች ቀስ ብላ፤ ለእርስዎ አልተሰማዎት ይሆናል።

‹‹ይኸውና እዚህ ናት። አልወርድ አለችኝ›› ስትልዎት፣ ‹‹የእኔም እጄ ላይ ናት። አንቺን ልጠብቅ ብዬ ዛሬ አልዋጥኩም›› አሉ። እርስዎ ይህን ሲሉ ከወንበሯ ተነሳች። እርስዎ የሰሙት ያ ጩኸት ወንበሩ ሲወድቅ ነው።

‹‹ምን ትጠብቃለህ! አሁኑኑ ዋጥ!››

‹‹አንቺ ቅደሚ።››

‹‹ታላቅ አንተ አይደለህ?››

‹‹ታላቅ የሚቀድመው ለምግብ ነው!››

‹‹ትንሹ፣ ቁጠርልን›› አለችኝ። ‹‹በሦስት ነው ወይስ ከሦስት በኋላ?›› ብለው እርስዎ አቋረጡኝ። ‹‹በሦስት!›› ብላ ጮኸች እማዬ። ቆጠርኩ። ከእርስዎ በኩል የውሃ ድምፅ መጣ። ከእሷም በኩል።

‹‹ዋጥሽ?››

‹‹ዋጥኩ። አንተስ?››

‹‹ዋጥኩ።››

‹‹አንተ ውሸታም ነህ፤ እንዴት ልመንህ?››

‹‹እኔ ነኝ ውሸታም? ልጅ ሆነሽ መድኃኒት ጉንጭሽ ውስጥ ትደብቂ የነበርሽው አንቺ ነሽ። አፍሽን ክፈቺ!››

ከዚያ እርስዎ ሳቁ፤ ‹‹ነገም በዚህ ሰዓት›› ብለው ዘጉ። ሲቀልዱ ነበር፤ አውቃለሁ። እማዬ ግን ስልኩን ከጠረጴዛው አንስታ ፊት ለፊቷ ይዛ፣ ምላሷን አውጥታ፣ አፏን ከፍታለት ነበር። እንባዋ እየወረደ ነው። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ አፏን አልገጠመችም። እንደተከፈተ ወደ እኔ ዞረች።

ቀርቤ አየሁ። ከምላሷ በላይ አየሁ፣ ከምላሷ ስር አየሁ፣ ጉንጮቿን በጣቴ ገለጥ አድርጌ በቀኝም በግራም አየሁ።

ምንም የለም፤ ወርዳለች።

የዓይን ምስክር፣ የእኅትዎ ልጅ